18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ላይ ኢንቨርተር መስቀል ይቻላል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ላይ መትተህ የሶላር 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው)፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው) እና የባትሪ ፊዩዝ ልትሰቅልበት ነው፤ እሳት ተከላካይ ቀለም ብትቀባው ይበቃ እንደሆነም ጠይቀሃል። ኮምፔንሳቶው ክብደቱን በደንብ ይችላል። ነገር ግን ከመሣሪያው ጀርባ ፊት ለፊት የሚታየው እንጨት መሆን የለበትም፤ ቀለሙም ብቻውን አያድነውም።

ሰው የሚፈራው ኢንቨርተሩ ውስጡ እንዳይቃጠል ነው። ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ካልጠበቀ ብሎን ነው። 5 ኪሎዋት ከ48 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ከ100 አምፔር በላይ ይፈሳል። ኬብሉ በብሎን የሚታሰርበት ማሰሪያ ላይ 1 ሚሊኦም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያግድ መቋቋም) ብቻ ቢኖር 10 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል፤ ላልቶ 5 ሚሊኦም ሲደርስ 50 ዋት ይሆናል። ይህ ራዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ካውያ ያህል ነው። ፊዩዙ ደግሞ አይቆረጥም፤ የሚያልፈው አምፔር ልኩ ስለሆነ ችግር መኖሩን አያውቅም። እንጨት ለወራት እንዲህ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ይከስላል፣ ከመደበኛው ባነሰ ሙቀትም ሊቀጣጠል ይችላል። ከፓኔል በሚመጣው መስመር ላይ ብልጭታ ከተነሳ ደግሞ የዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነውና በቀላሉ አይጠፋም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ደህና ምርት በትክክለኛው ውፍረት ከተቀባ እሳቱን ያዘገያል። ግን ለብሎንና ለኬብል የምትበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ እንጨቱን መልሶ ይገልጠዋል፤ ሙቀቱ የሚወለደውም እዚያው አካባቢ ነው።

የኮንክሪት ወይም የጡብ ግድግዳ ካለህ ኮምፔንሳቶውን ተወውና በቀጥታ ስቀል። የብሎኑን ጥልቀት ስትለካ ልስኑን አትቁጠር፤ 2 ሴንቲሜትር ልስን ምንም አይሸከምም። ቀዳዳውን ከአቧራ በደንብ አጽዳ፤ አቧራ የሞላበት ቀዳዳ ውስጥ ፊሸር አይነክስም። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ትራፓኖውን ሳታስመታ ቅደድ፤ ማስመታት የብሎኬቱን የውስጥ ግድግዳ ይገነጥለዋል። ከዚያ ወንፊት ያለው የኬሚካል መልህቅ (ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ ብሎኑን የሚይዝ ሙጫ) ተጠቀም። ወይም ሁለት ቱቦላሬ አግድም አስረህ ክብደቱን ለብዙ ብሎኬት አካፍል።

የጭቃ፣ የጂፕሰም ወይም የጣውላ ግድግዳ ከሆነ ብቻ ኮምፔንሳቶው ከኋላ ይገባል። በብሎን ከቋሚ እንጨቶቹ ጋር እሰረው፤ ከፊቱ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ፋይበር ሲሚንቶ ቦርድ አልብሰው። ቦርዱ እሳቱን ይከለክላል፣ እንጨቱ ክብደቱን ይይዛል። መሣሪያውን ቦርዱ ብቻ እንዲሸከመው አታድርግ፤ ተሰባሪ ነው። ብሎኑ ቦርዱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ይግባ፤ ቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከብሎኑ ትንሽ ይስፋ፣ ከጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፣ ሮንዴላም አይረሳ። ስትቆርጠው አፍንጫህን በደህና ማስክ ሸፍን፤ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው። ቦርዱ ከመሣሪያው ከላይም ከታችም አልፎ ይውጣ፤ ነበልባል ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ላሜራም ይሆናል፤ ግን ግራውንድ መደረግ አለበት፣ ኬብል የሚያልፍበት ቀዳዳም ጎማ ይልበስ። ኤምዲኤፍና ቺፑድ እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ብሎንም ይለቃሉ፤ ከነጭራሹ አታስባቸው።

የአየር ቦታም አትንፈገው። ብቃቱ 93 በመቶ የሆነ ኢንቨርተር 5 ኪሎዋት ሲሰጥ ወደ 375 ዋት ሙቀት ይተፋል። ማኑዋሉ የሚለውን ክፍተት ጠብቅ፤ ካልተጻፈ በጎን 20፣ ከላይና ከታች 50 ሴንቲሜትር ተው። የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳም ተወው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ኢንቨርተሩን በላዩ ትይዩ አትስቀል፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል። የ5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወለል ላይ በብረት መቆሚያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሰቅለህ ስትጨርስ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭነት ስጠውና ማሰሪያዎቹን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካ። የሚያብረቀርቅ መዳብ ከእውነተኛው በታች ያሳይሃል፤ ጭነት ከመስጠትህ በፊት፣ ሁሉም ጠፍቶ ሳለ፣ ካፖኮርዳው (ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው የመዳብ ጆሮ) ላይ ትንሽ ጥቁር ቴፕ ለጥፍና ቴፑን ለካ። አንዱ ከአጠገቡ ካለው በግልጽ ከሞቀ ላልቷል፣ ወይም አጨማመቁ መጥፎ ነው።

ኮምፔንሳቶው ላይ ቀድመህ ሰቅለኸው ከሆነ አውርደህ ቦርዱን ከጀርባው አስገባ። መጀመሪያ የቤቱን ጭነት አጥፋ፣ ቀጥሎ ፓኔሉን፣ ባትሪውን መጨረሻ ላይ። ፓኔሉ እየሰራ ባትሪውን ብታላቅቅ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ከዚያም ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው የሚቆዩ ክፍሎች) እስኪራገፉ 10 ደቂቃ ጠብቅ።