የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሚሲሲፒ ላይ ያሉት ግድቦች ለምን ተሠሩ?

(በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ነው። ከልጄ ጋር ወንዙ ዳር ስንሄድ ግድቡ አጠገብ ትልልቅ የብረት በሮች እናያለን። ጀልባው ይገባል፣ ይዘጋበታል፣ ቀስ እያለ ዝቅ ይልና በሌላኛው በኩል ይወጣል። ልጄ «ለመብራት ነው? ለጎርፍ ነው? ውሃውንስ በምን ይስቡታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅዎ ጥሩ ጠያቂ ነው። እነዚህ ግድቦች በዋናነት ለመብራትም ለጎርፍም የተሠሩ አይደሉም። የተሠሩት ወንዙ ጥልቀት እንዲኖረው ነው። እርግጥ ጥቂቶቹ ላይ ተርባይን አለ፤ እናንተ አካባቢ ያለው ቁጥር 1 የሚባለው ግድብ (ግድቦቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው) እና አዮዋ ውስጥ ኪዮከክ ላይ በ1913 ያለቀው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ጎርፍ ሲመጣ ግን የግድቦቹ በሮች ወደ ላይ ይነሱና ወንዙ እንደ ድሮው ይለቀቃል። በ1993ቱ ትልቅ ጎርፍ ጊዜ ግድቦቹ ጎርፉን አላቆሙትም፣ ሊያቆሙትም አልተሠሩም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ «ግድብ እያለ እንዴት ከተማው ተጥለቀለቀ?» ብሎ ይቆጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ሚሲሲፒ በተፈጥሮው ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ «ቨርጂኒያ» በ1823 እስከ ፎርት ስኔሊንግ ድረስ ወጥታለች፤ ግን በበጋ ውሃው ሲቀንስ አንዳንድ ቦታ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ነበር። አሸዋው ቦታውን ይቀያይራል፣ የሰመጠ ግንድ የመርከቡን ሆድ ይቀደዋል። መንግሥት መጀመሪያ ከዳር ወደ መሃል የድንጋይና የዛፍ ቅርንጫፍ ክትሮችን እየገፋ ውሃውን ወደ አንድ መስመር ለማጥበብ ሞከረ። አልበቃም። በ1930 ኮንግረሱ ቢያንስ ዘጠኝ ጫማ (2.7 ሜትር ገደማ) ጥልቀት ያለው መስመር እንዲሠራ ፈቀደና አብዛኞቹ ግድቦች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተገነቡ፤ ዘመኑ ሥራ አጥነት የበረታበት ስለነበር ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል።

ከሚኒያፖሊስ እስከ ሴንት ሉዊስ ወንዙ 1,080 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የሚወርደው 128 ሜትር ያህል ነው። ግድቦቹ ይህን ቁልቁለት ደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት። በሁለት ግድቦች መካከል ያለው ውሃ ሐይቅ መሰለ፤ ሎክ የሚባለው እርስዎ ያዩት ክፍል ደግሞ ጀልባውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ያሳልፈዋል። ግድቦቹ ከነሎካቸው በጠቅላላው 29 ናቸው። (ቁጥራቸውን ለሚከታተል፦ 23 የለም። ታቅዶ ሳይሠራ ቀረ፤ ከ22 ቀጥሎ 24 ነው።)

ውሃውን የሚስብ ፓምፕ የለም! እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የላይኛውን ቫልቭ ሲከፍቱት የላይኛው ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ክፍሉ ገብቶ ጀልባውን ያነሳዋል። የታችኛውን ሲከፍቱት ደግሞ ውሃው ወደ ታች ይወጣና ጀልባው ይወርዳል። በሮቹ ሁለት ክንፍ ናቸው፤ ሲዘጉ ሹል ጫፋቸው ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ስለሚያይ ውሃው በገፋ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃሉ።

የጭነት ጀልባ ሲያልፍ ከገጠማችሁ ቁሙና እዩ። አንድ ገፊ ጀልባ ብዙ ጊዜ 15 ባርጅ (ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ይገፋል፣ ሦስት ጎን ለጎን አምስት በቁመት። አንዱ ባርጅ 1,500 ቶን ገደማ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ስለሚይዝ ሁሉም ሲደመር ወደ 900 ከባድ መኪና የሚጭነው ማለት ነው። ብዙዎቹ ሎኮች ግን 183 ሜትር ብቻ ነው ርዝመታቸው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ማሰሪያውን ፈተው መጀመሪያ 9 ባርጅ ያሳልፋሉ፣ ቀጥሎ ቀሪው 6 ከገፊው ጋር ይገባል፣ ከዚያ እንደገና ይታሰራል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። በግራና በቀኝ የሚተርፈው ክፍተት ደግሞ አንድ ሜትር አይሞላም። ካፒቴኑ ከኋላ ሆኖ ይህን ሁሉ ብረት እዚያ ውስጥ ማስገባቱ የሚከበር ሙያ ነው።

ከሴንት ሉዊስ በታች ሎክ የለም። ሚዙሪ እና ኦሃዮ ወንዞች ስለሚቀላቀሉት ውሃው ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ ሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ጋ ያለው ሎክ ለምን ተዘጋ? ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ፣ በዓሣ ምክንያት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእስያ ወደ አርካንሳስ የመጡ የካርፕ ዝርያዎች ከኩሬ አምልጠው ወንዙን ይዘው ወደ ላይ እየወጡ ነው። የአገሬውን ዓሣ ምግብ ይጨርሱበታል፤ አንደኛው ዝርያ ደግሞ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከውሃ እየዘለለ ጀልባ ላይ ያለውን ሰው ይመታል። ፏፏቴውን መዝለል አይችሉም፣ ሎኩ ግን በር ሆኖላቸው ነበር። ስለዚህ በኮንግረስ ሕግ ሰኔ 2015 ላይ ተዘጋ። በ1963 የተከፈተ፣ 15 ሜትር ገደማ የሚያነሳ፣ ከሁሉም ከፍተኛው ሎክ ነበር። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ከፏፏቴው በላይ ያለው የጭነት ሥራ ቀድሞውኑ ትንሽ ነበር፣ ሐይቆቹና ዓሣዎቹ ግን አንዴ ከተበላሹ አይመለሱም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። አባይ ላይስ ለምን እንዲህ አይሠራም?

መልስ፦ ቁልቁለቱ አይፈቅድም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የሱዳን ድንበር 500 ሜትር አካባቢ። 1,300 ሜትር መውረድ ማለት ነው፣ ያውም በገደል መሃል። እንደ ሴንት አንቶኒው ያለ ሎክ ቢሠራ እንኳ ከ80 በላይ ያስፈልግ ነበር። ሕዳሴ ግድብም ሎክ የለውም፣ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ነው። መርከብ የሚያስኬደው ወንዛችን ባሮ ነው። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጋምቤላ እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ግን ውሃው ስለሚጎድል ጉዞው ይቆም ነበር። የድሮው ሚሲሲፒም ችግሩ ይኸው ነበር።

ጥያቄ፦ ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዛሁ። በሎክ ማለፍ እችላለሁ? ያስከፍላል?

መልስ፦ ይችላሉ፣ አያስከፍልም። ወጪውን የሚጋሩት የጭነት ጀልባዎቹ ናቸው፣ በጋሎን ነዳጅ 29 ሳንቲም ቀረጥ ይከፍላሉ። ረጅሙ የግንብ መጠጊያ ጫፍ ላይ የሚሳብ ገመድ አለ፤ እሱን ይሳቡና ርቀው ይጠብቁ። ቀይ ሲበራ አይጠጉ፣ ቢጫ ሲሆን ይዘጋጁ፣ አረንጓዴ ሲሆን ቀስ ብለው ይግቡ። የጭነት ጀልባ ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው፣ ይታገሡ። ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ውስጥ ገብተው ገመድ ሲይዙ ደግሞ በእጅዎ ይያዙት እንጂ ጀልባው ላይ አይቋጥሩት፤ ውሃው ሲወርድ የታሰረ ጀልባ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይገለበጣል። ወደ ግድቡ በሮች ግን ከላይም ከታችም ፈጽሞ አይጠጉ። ከታች ያለው ሽክርክሪት ጀልባን መልሶ ወደ ግድቡ ይጎትታል፣ በዚህ የሞቱ ዓሣ አጥማጆች ብዙ ናቸው።