ዳን ዌሰን ሪቮልቨር፦ አፈሙዙ ከተቀየረ በኋላ ሲሊንደሩ ለምን ይይዛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ያገለገለ ዳን ዌሰን 357 ማግነም ሪቮልቨር ከባለ 4 እና ከባለ 6 ኢንች አፈሙዝ ጋር ገዛሁ። ባለ 4ቱን ፈትቼ ባለ 6ቱን እስኪቆም ድረስ አጥብቄ አሰርኩት። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ስወስደው መጀመሪያ ላይ ደህና ነው፤ ከ20 ወይም ከ30 ጥይት በኋላ ግን ጥይቱ የሚገባበት ሲሊንደር አልዞር ይላል፣ ምላጩም ይከብዳል። መሣሪያው አርጅቶ ይሆን? ሌላ አፈሙዝ ልጨምር ብልስ የትኛው ይገጥማል?

መልስ፦ እንደነገሩን ከሆነ ችግሩ እርጅና አይደለም። «እስኪቆም ድረስ አጥብቄ» ያሉት ላይ ነው። በሌሎች ሪቮልቨሮች አፈሙዙ ትከሻ አለው፤ ትከሻው ቦዲው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የዳን ዌሰን አፈሙዝ ግን ሁለቱም ጫፉ ላይ ጥርስ የወጣለት ቀጭን ቱቦ ነው፣ የሚያቆመው ትከሻ የለውም። ማጥበቅዎን ከቀጠሉ የሚያቆመው ሲሊንደሩ ራሱ ነው። ስለዚህ በአፈሙዙ መጨረሻና በሲሊንደሩ ፊት መካከል ያለውን ክፍተት የሚወስነው አፈሙዙን የሚያስረው ሰው ነው፤ ለዚህም ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ውፍረታቸው የታወቀ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያሉት የክፍተት መለኪያ፣ የግድ ያስፈልጋል። ለ357 ልኩ 0.006 ኢንች ነው፣ ወደ 0.15 ሚሊሜትር ግድም። ከዚያ ሲጠብ የባሩድ ጥላሸትና እርሳስ ሲሊንደሩ ፊት ላይ ይጋገራል፣ ሲሊንደሩም ሲሞቅ ይለጠጣል። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከ20 ጥይት በኋላ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ከመነካካትዎ በፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። በዚህ መሣሪያ የሲሊንደሩ መክፈቻ እንደሌሎቹ ከኋላ አይደለም፤ ከሲሊንደሩ ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል ነው፣ ወደ ታች ተጭነው ይከፍቱታል። ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይንም በጣትም ይፈትሹ፤ ጥይቱን ከሚሠሩበት ክፍል ያውጡት።

ከዚያ ሲሊንደሩን ዘግተው፣ በራሱ ቁልፍ ከአፈሙዙ ጫፍ ያለውን ዳዶ ይፍቱ። ፒንሳ አይጠቀሙ፤ የዳዶውን ማስያዣ ይበላዋል። ቱቦው ላይ የለበሰውን የውጭ ሽፋን ወደ ፊት ሳብ ቢያደርጉት ይወጣል፤ ቦዲው ላይ ያለችው ትንሽ ፒን ሽፋኑን በቦታው የምትይዝ ስለሆነች እንዳትታጠፍ ሽፋኑን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ቱቦው በእጅ ይፈታል። አልፈታ ካለ ዘይት ጨምረው ይጠብቁት፤ ሞርሳ ላይ አስሮ መጠምዘዝ ግን ቱቦውን ያጎብጠዋል። ከወጣ በኋላ የቦዲውንም የቱቦውንም ጥርስ በጥርስ ብሩሽና በማጽጃ ይፈትጉ። አንዲት የጥላሸት ቅንጣት ጥርሱ ውስጥ ከቀረች ልኩ ይዛባል። ሲደርቅ ጥርሱን ቀጭን ግራሶ ይቀቡት፣ ትንሽ ይበቃል።

ሲመልሱ ባለ 0.006ቱን ምላስ ሲሊንደሩ ፊት ላይ ያስቀምጡና አፈሙዙን በእጅ እያሰሩ ምላሱን ቀስ ብሎ እስኪነካ ድረስ ያምጡት። ምላሱ ሲሳብ ትንሽ እየጨበጠው መውጣት አለበት። ሽፋኑን ያስገቡ፤ ምላሱ እዚያው እንዳለ ዳዶውን ያጥብቁ። ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦውን ወደ ፊት ይወጥረዋል፣ አንዳንዴም አብሮት ያዞረዋል፤ ስለዚህ ካጠበቁ በኋላ እንደገና መለካት ግዴታ ነው። ሲሊንደሩን እያዞሩ ስድስቱም ጉድጓድ ላይ ይለኩ፣ የሚጠበውን ቦታ መነሻ አድርገው ያስተካክሉ። ዳዶው በቁልፉ ጠበቅ ካለ በቂ ነው፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ማስረዘም ጥርስ ይበላል። ላላ ካለ ደግሞ በተኩሱ ንዝረት እየተፈታ ኢላማውም ልኩም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ለልምምድ ሲሄዱ ቁልፉና ምላሱ አብረውዎት ይሂዱ። ክፍተቱ በጣም ሲሰፋም ሌላ ችግር ያመጣል፦ በጎን የሚወጣው ጋዝና እርሳስ ይበዛል። ልኩ ትክክል ቢሆንም ጣት ክፍተቱ አጠገብ አይቀመጥም።

ይህን አድርገው ሲሊንደሩ አሁንም ከያዘ፣ የሚይዝበት ሁኔታ መንስኤውን ይነግርዎታል። ባዶ ሆኖም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጨብጥ ከሆነ የሲሊንደሩ ፊት ወይም የሚሸከመው ክንድ ተጣሟል፤ ይህ የመሣሪያ ጠጋኝ ሥራ ነው። ባዶ ሲሆን እየዞረ ጥይት ሲገባበት የሚይዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው ኮከብ መሳዩ የቀለህ ማስወጫ ነው። ያልተቃጠለ ባሩድ ከሥሩ ሲገባ ማስወጫው በፀጉር ያህል ይነሳል፣ ቀለሁም ወደ ኋላ ተገፍቶ ከቦዲው ጋር ይፋተጋል። ማስወጫውን ገፍተው፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ሥሩን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። እዚያ ቦታ ዘይት አይጨምሩ፤ ዘይት ባሩዱን ያጣብቀዋል። በተጨማሪ ሲሊንደሩን ተዘግቶ ሳለ አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት እየገፉ ክፍተቱን ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.003 ኢንች ካለፈ ሲሊንደሩ ራሱ ወዲህ ወዲያ እያለ ነው፣ አፈሙዙን ማስተካከል ብቻውን አይፈታውም።

በዚሁ መሣሪያ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት ብዙ የሚተኩሱ ከሆነ አንድ ነገር ይታወቅልን። ቀለሁ ከ357ቱ ስለሚያጥር ጉድጓዱ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ በኋላ 357 ሲያስገቡ አልገባ፣ ከተተኮሰም በኋላ አልወጣ ይላል። በነሐስ ብሩሽና በማጽጃ ይለቃል። አፈሙዙ የሚፈታ መሆኑ ለጽዳት ትልቅ ጥቅም ነው፦ ከኋላ በኩል አስገብቶ መፈተግ ይቻላል፣ እርሳስ የሚጋገርበትን የጥይት መግቢያም በዓይን ያዩታል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ መጀመሪያ የያዙት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ኩባንያውን ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን መሥራቾች አንዱ የነበሩት የዳንኤል ዌሰን የልጅ ልጅ ልጅ በ1968 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሞንሰን ከተማ አቋቋሙት፤ የሚቀያየረውን አፈሙዝ የነደፈው ካርል ሉዊስ ነው። በኋላ ሥራው ወደ ፓልመር፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ውስጥ ወዳለችው ኖርዊች ተዛወረ። ቦዲው ላይ የተቀረጸውን የከተማ ስም ካዩ ዘመኑን በግምት ያገኙታል። ለመለዋወጫ ከዚህ የሚበልጠው ምልክት ዳዶው ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ እነ ሞዴል 12፣ ዳዶው ከሽፋኑ ጫፍ ወጥቶ ይታያል፤ በኋላ በመጣው ሞዴል 15-2 ላይ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። የሁለቱ ቁልፍ አንድ አይደለም፣ የሽፋናቸውም መቀመጫ ይለያያል፤ ስለዚህ ለአንዱ የተሠራውን ለሌላው አይግዙ። እንደዚሁ የትልቁ ቦዲ፣ የ44 ማግነሙ፣ አፈሙዝ ለ357 አይሆንም። ቱቦና ሽፋን ደግሞ ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ባለ 6 ኢንች ቱቦ የሚሄደው ከባለ 6 ኢንች ሽፋን ጋር ብቻ ነው። ቁመቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ግን ቀላሉንም፣ ቀዳዳ ያለውንም፣ ከባዱንም ሽፋን እንደፈለጉ መቀያየር ይችላሉ። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን የቱቦውን የሁለቱንም ጫፍ ጥርስ ከቅርብ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ በፒንሳ የተያዘ ቱቦ ጥርሱ ላይ ይታወቃል።