ማጨስ ከተከለከለ መተርኮሻው ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ እንደምን ነዎት? ባለፈው ሰሞን ረጅም በረራ ላይ ነበርኩ። ማጨስ ክልክል መሆኑን ደጋግመው ነገሩን። ሽንት ቤት ስሄድ ግን በሩ ላይ የሲጋራ መተርኮሻ አየሁ። ክልክል ነው እያሉ መተርኮሻ ማዘጋጀት ምን ይባላል? እውነቱን ልንገርዎት፣ አጫሽ ነኝ። «በድብቅ ይቻላል ማለት ይሆን?» ብዬ ነበር።
*ሱሰኛው ተሳፋሪ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስበህ መተውህ ደግ አደረግህ። ብዙ ዓመት ሆስተስ ሆኜ ስለሠራሁ ይቺን ጥያቄ ለምጃታለሁ።

መተርኮሻው የተቀመጠው እንድታጨስ አይደለም። ክልክል ቢባልም የሚያጨስ ሰው አይጠፋም። ተደብቆ የሚያጨስ ሰው በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል። ሲደነግጥ ቁራጩን ወደ ቆሻሻ መጣያው ነው የሚወረውረው። መጣያው ደግሞ እጅ በተጠረገበት ወረቀት የተሞላ ነው። እሳት ሌላ ምን ይፈልጋል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1973 የቫሪግ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ፓሪስ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከኋላ ሽንት ቤት እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ ኦርሊ መድረስ አልቻሉም፤ እርሻ ላይ አሳረፉት። 123 ሰው ሞተ፤ አብዛኛውን የገደለው ጭሱ ነው። ከተረፉት 11 ሰዎች ተሳፋሪው አንድ ብቻ ነበር። መጣያ ውስጥ የተጣለ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሽንት ቤት ውስጥ ማጨስ የተከለከለውም፣ መተርኮሻ ግዴታ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬም መተርኮሻው ቢጎድል እንደ ብልሽት ተመዝግቦ ይተካል።

በ1983 ደግሞ ኤር ካናዳ በረራ 797 ላይ ከ46 ሰዎች 23ቱ ሞቱ። የእሳቱ መነሻ በትክክል አልታወቀም። የሽንት ቤት ጭስ ጠቋሚና መጣያው ውስጥ በራሱ የሚሠራ እሳት ማጥፊያ የመጡት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር አጫሾች ከኋላ ይቀመጡ ነበር። በመሃል ግድግዳ የለ፣ መጋረጃ የለ፤ የሚለያቸው የወንበር ቁጥር ብቻ። ጭስ ደግሞ ቁጥር አያነብም! ሆቴል ገብቼ ሻርፔን ስፈታ ክፍሉ በሙሉ ይሸት ነበር። እኔ በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም። ኖርማ ብሮይን የምትባል አሜሪካዊት ሆስተስም አጭሳ አታውቅም ነበር፤ የሳንባ ካንሰር ያዛት። በ1991 እሷና ባልደረቦቿ የትምባሆ ኩባንያዎችን ከሰሱ። በ1997 ኩባንያዎቹ ለምርምር 300 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። እገዳው ራሱ ቀስ እያለ ነው የመጣው። አሜሪካ በ1988 ከሁለት ሰዓት ባነሱ የአገር ውስጥ በረራዎች ጀምራ፣ ሁሉንም በረራ ያካተተችው በ2000 ነው።

«ቬፕስ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራውስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሱም አይፈቀድም። ባትሪው ሊቀጣጠል ስለሚችል ከሚጫነው ሻንጣ አውጥተህ በእጅህ ያዘው፤ አውሮፕላን ውስጥ ቻርጅ አታድርገው። ጭስ ጠቋሚውን መሸፈን ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሱሱ ካስቸገረህ ከጉዞህ በፊት ስለ ኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ሐኪምህን ጠይቅ።

ሽቶ ረጭቶ መውጣትም አያዋጣም። እንዲያውም ሽቶው ነው የሚያሳብቀው። አንድ ሌሊት እንደዚያ ሆኖ የወጣ ሰውዬ ገጠመኝ። መጀመሪያ መጣያውን ከፍቼ ፈተሽኩ፣ ውሃም ጨመርኩበት። ከዚያ «ቁራጩ የት አለ?» አልኩት። ሰውዬው ስለ ቅጣቱ ይጨነቃል፣ እኔ ስለ ቁራጩ። ሦስቴ ጠየቅሁት። በመጨረሻ የኮቱን ኪስ ገለበጠልኝ፤ ገበሩ ተቃጥሎ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል።