ካሜራውን ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁትን ሌንስ እዩ

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የሟች አባቷን ሌንስ በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ካልሲውን ስትፈታው ዙሪያው በሩሲያ ፊደል የተጻፈበት ጥቁርና ከበድ ያለ ሌንስ ወጣ። ሄሊዮስ 44-2 ነበር፤ 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሰፋል) እስከ 2 የሚከፈት። አባቷ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው፤ ካሜራው ግን ከብዙ ዓመት በፊት ጠፍቷል። «ጋሼ፣ ቆንጆ ካሜራ አግኝቻለሁ፤ ነገ ልገዛው ነው» አለችና ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። ካሜራው በእርግጥም ቆንጆ ነበር፤ ነገር ግን የአባቷ ሌንስ እዚያ ካሜራ ላይ ሊገባ አይችልም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እንደ እርሷ ያላችሁን ገንዘብ አጠራቅማችሁ በፊልም ፎቶ ለማንሳት ለተነሣችሁ፣ በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የአባት ወይም የአጎት ሌንስ ለተቀመጠላችሁ ወጣቶች ነው።

ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስኖር የተረዳሁትን በቅድሚያ ልንገራችሁ። በዲጂታል ካሜራ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል የካሜራው አካል ስለሆነ ውድ ካሜራና ርካሽ ካሜራ የሚሰጡት ምስል ይለያያል። በፊልም ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብርሃኑን የሚስለው ሌንሱ፣ የሚቀበለው ደግሞ ፊልሙ ነው፤ ካሜራው በመካከላቸው ያለ ጨለማ ሣጥን ሆኖ፣ መጋረጃውን ለታወቀ ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል። መጋረጃው ጊዜውን ካልሳተና ሣጥኑ ብርሃን ካላስገባ፣ በአንድ ሌንስና በአንድ ፊልም የተነሣን ፎቶ አይታችሁ ካሜራው ርካሽ ይሁን ውድ ልትለዩ አትችሉም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለካሜራው ስም አታውጡት። በቅድሚያ ሌንሳችሁን ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ።

ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝበትን ብረት ማውንት እንለዋለን። አንዳንዱ ሩብ ዙር ያህል ዞሮ «ቀጭ» ብሎ የሚገባ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ብሎን በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ነው። የወጣቷ ሌንስ ጥርስ ያለው ነበር፤ ስፋቱ 42 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር፤ ኤም 42 የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በጀርመኗ ድሬስደን ከተሠራው ኮንታክስ ኤስ ጀምሮ ፕራክቲካ፣ የሶቪየቱ ዜኒት እና የጃፓኑ ፔንታክስ ሁሉ ይህንኑ ጥርስ ተጠቅመዋል። በዚህም የተነሣ ሞስኮ አጠገብ የተሠራ ሌንስ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ በጃፓን ካሜራ ላይ ይገባል፤ የጀርመኑም በሶቪየቱ ላይ እንደዚያው። ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቤተሰብ አላውቅም።

አስማሚ ቀለበት እየተገዛ ማንኛውም ሌንስ በማንኛውም ካሜራ ላይ ይሠራል የሚላችሁ ሰው ቢኖር ግን ቆም ብላችሁ ጠይቁት። እያንዳንዱ ሌንስ የተሠራው ከፊልሙ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲቀመጥ ነው። ለኤም 42 ይህ ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው። ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ጥርሱን ትቶ ኬ ወደሚባለው ማውንት ሲዞር ርቀቱን አልለወጠውም፤ ስለዚህ የኤም 42 ሌንስ በቀጭን ቀለበት በፔንታክስ ኬ ካሜራ ላይ ከቅርብ እስከ ሩቅ አጥርቶ ይሠራል። የኒኮን ርቀት ግን 46.5 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ያችን ሌንስ በኒኮን ላይ ብታስሯት ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው በጥራት ታሳያችሁና ወደ እንጦጦ ተራራ ስታዞሯት፣ ከፊልሙ ስለራቀች፣ የማጥሪያ ቀለበቷን እስከ መጨረሻ ብታዞሩም ተራራው አይጠራላችሁም። የካኖን የድሮው ኤፍ ዲ ሌንስ ደግሞ የተሠራው ለ42 ሚሊሜትር ስለሆነ በሌሎቹ ባለ መስታወት (በሌንሱ የገባውን ምስል ወደ መመልከቻው የሚመልስ መስታወት ያላቸው) የፊልም ካሜራዎች ላይ አይሆንም፤ የኤፍ ዲ ሌንስ የወረሰ ሰው የሚፈልገው የዚያኑ ቤተሰብ ካሜራ ነው።

እንግዲህ የትኛውን? ኤም 42 ላለው ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ፕራክቲካ ነው፤ በተለይ ኤም ቲ ኤል የሚል ጽሑፍ ያለበት። መልኩ ማዕዘን የበዛበት፣ ድምፁም ጎላ ያለ ስለሆነ ብዙዎች ይንቁታል። መጋረጃው ግን ከብረት ቅጠሎች የተሠራ ነው፣ እስከ 1/1000 ሰከንድ ይደርሳል፣ ባትሪ ባይኖረውም ይተኩሳል። ዜኒት ኢ ይበልጥ ይረክሳል፤ ያለው ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ብቻ ሲሆን መመልከቻውም ጨለም ያለና ፊልሙ ላይ ከሚያርፈው ያነሰ የሚያሳይ ነው። በላዩ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ በሴሊኒየም የሚሠራ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ ከዕድሜ ብዛት ግን ብዙው ደክሟል፤ ስለዚህ መለኪያው ይሠራል ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ። ትንሽ አቅም ያለው ሰው ፔንታክስ ኬ 1000ን ይፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ድረስ የተመረተው በጣም ቀላል ስለሆነ ነው፤ አንዲት ትንሽ ባትሪ የምታስፈልገው ለመለኪያው ብቻ ነው። ማጥፊያ ቁልፍ ስለሌለው ግን ሥራ ስትጨርሱ የሌንሱን ክዳን ካልገጠማችሁ ባትሪዋ ታልቃለች። በዚህ ካሜራ ላይ የኤም 42 ሌንስ በቀለበት ስታስሩ አፐርቸሩን በእጃችሁ ማጥበብ ይኖርባችኋል፤ ሌንሱ ላይ «ኤ» እና «ኤም» የሚል መቀየሪያ ካለ ወደ «ኤም» አድርጉት፤ መቀየሪያው ከሌለና ከጀርባው የምትገፋ ትንሽ ዘንግ ብቻ ካለችው፣ ቀለበቱ ዘንጓን ካልተጫናት አፐርቸሩ እንደተከፈተ ይቀራል። የኒኮን ሌንስ ላላችሁ ኤፍ ኤም ጥሩና ጠንካራ ነው፤ ርካሽ ግን አይደለም።

ባትሪ ከሌለው ከናካቴው የማይተኩስ ካሜራን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ሰርግ ላይ በወቅቱ ዘመናዊ የሚባል ካሜራ ይዤ ሄድኩ። ሙሽራይቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ፣ እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ፣ ጣቴን ተጫንኩ፤ ካሜራው ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ዝም። ባትሪው አልቋል፣ ትርፍም አልያዝኩም። ሌላኛውን ካሜራዬን ከቦርሳ እስካወጣ ሙሽራይቱ መኪና ውስጥ ገብታለች። ያ ፎቶ የለም፤ ቤተሰቡም አልበሙን ሲገልጥ የሚያልፈው ከጓዳው ወደ መኪናው ነው። ስድስት ቮልት ባትሪ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ለሚኖር ሰው፣ በሞላና በጥርሳማ ጎማዎች ብቻ የሚሠራ ካሜራ ከሁሉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተሠሩ፣ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ካሜራዎች አሉ፤ ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። በምትኩ 1.5 ቮልት ብታስገቡ ብዙዎቹ ካለው በላይ ብርሃን እንዳለ አድርገው ስለሚያሳዩ ፎቶው ይጨልማል።

አሁን ካሜራውን በእጃችሁ ያዙት። ሻጩ ፊት መሆኑ አያሳፍርም። ሌንሱን ፍቱ፣ የኋላውን በር ክፈቱ፣ ወደ መስኮት ዞራችሁ ፍጥነቱን 1/500 ላይ አድርጋችሁ ሳቡና ተኩሱ፤ ዓይናችሁን ከኋላ አድርጋችሁ ሙሉውን አራት ማዕዘን ብልጭ ሲል ልታዩት ይገባል። አንደኛው ጎን ጨለማ ሆኖ ከቀረ መጋረጃው ደክሟል፤ ይህን የሚጠግን ሰው ማግኘት ካሜራውን ከመግዛት ይበልጥ ይከብዳል፤ ተዉት። ቀጥሎ 1 ሰከንድ ያለው ከሆነ እዚያ ላይ አድርጉና በልባችሁ ቁጠሩ፤ እየተንገዳገደ ወይም ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ውስጡ ያለው ዘይት ደርቋል። የጨርቅ መጋረጃ ከሆነ በስልካችሁ መብራት ከፊት እያበራችሁ በጨለማ ከኋላ ተመልከቱ፤ እንደ ኮከብ የምትታይ ነጥብ ካለች በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ትታያለች። በበሩ ጠርዝ ያለውን ስፖንጅ በጥፍራችሁ ነካ አድርጉ። እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ከመጣ አትፍሩ፤ ይህ በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ላይ የሚደርስ ነው፤ በአልኮል ጠርጎ በቀጭን ጥቁር ክር ወይም ስፖንጅ መተካት ራሳችሁ የምትችሉት ሥራ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል።

ሌንሱንም ከብርሃን ፊት አቅንታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። አቧራ አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ግን መስታወቱን ይበላል፤ እርጥበት ባለበት ሻንጣ ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የአፐርቸሩን ቅጠሎች ክፈቱና ዝጉ፤ በዘይት ረጥበው የሚጎተቱ ከሆነ ታስተውሉታላችሁ። የድሮ የፔንታክስ ሌንስ፣ ታኩማር 50 ሚሊሜትር 1.4 ቢገጥማችሁና መስታወቱ እንደ ሻይ ቢጫ ሆኖ ብታገኙት አትጣሉት፤ ከመስታወቶቹ አንዱ ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለበት በዕድሜ ቢጫ የሆነ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት መስኮት ላይ ፀሐይ ብታስመቱት ይነጻል።

መለኪያ የሌለው ካሜራ የሚያስፈራችሁ ካለ፣ አያስፈራችሁ። በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጉና ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር (ለብርሃን ያለውን ስሜት ከሚያሳየው፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው) ጋር አስተካክሉ፤ የ100 ፊልም ከሆነ 1/125፣ የ400 ከሆነ 1/500። እዚህ ላይ ዜኒት የያዘ ሰው ልብ ይበል፤ በ1/500 የሚያበቃ ካሜራ ውስጥ የ400 ፊልም አስገብቶ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቢወጣ፣ ሌንሱን እስከ 16 ከማጥበብ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከጀርባ ያለው ግንብና ሽቦ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣበታል። ያ ሌንስ የሚወደድበትን፣ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ቅጠል አዙሮ የሚያለሰልስበትን መልክ የምትፈልጉ ከሆነ የ100 ፊልም አስገቡና ሰዉን ከፀሐይ አውጥታችሁ በቤት ጥላ ሥር፣ ሰማዩ በሰፊው በሚያበራበት ቦታ አቁሙት። በዚያ ጥላ ውስጥ በአፐርቸር 2 እና በ1/500 ታነሣላችሁ። ብርሃኑን ከተጠራጠራችሁ ወደ መጨመሩ አዘንብሉ፤ የኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ያለው ነገር ጨርሶ አይመዘገብም።

ከካሜራው ያተረፋችሁትን ገንዘብ ለፊልም አድርጉት። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነው፤ በዜኒት አሥር ጥቅል ያነሣ ሰው፣ አንድ ጥቅል ብቻ ካነሣው ባለ ውድ ካሜራ በእጅጉ ይበልጣል። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል፤ ውሃው 20 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል፤ የቀለም ፊልም ግን 38 ዲግሪ ስለሚፈልግና ስሕተት ስለማይወድ ለጀማሪ አልመክረውም። ፊልም ከውጭ አገር ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ ከእጁ እንዳይለየውና ወደ ሻንጣ እንዳያስገባው ንገሩት፤ የሚጫን ሻንጣ የሚፈተሽበት ኤክስሬይ ፊልም ያበላሻል፤ በአንዳንድ አየር ማረፊያዎች ለእጅ ቦርሳ የገቡት አዳዲስ ማሽኖችም እንዲሁ፤ ስለዚህ በእጅ እንዲፈተሽለት በትሕትና ይጠይቅ። ፊልሙን ስታስገቡም ከተዘጋ በኋላ ማጠንጠኛውን ስትስቡ በግራ በኩል ያለችው መመለሻ ቁልፍ አብራ መዞሯን ተመልከቱ። ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም፤ 36 ፎቶ አነሣሁ ብላችሁ ባዶ ትመለሳላችሁ።

ወጣቷ ያንን ቆንጆ ካሜራ አልገዛችም። አክስቷ ዋሽንግተን አካባቢ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ፕራክቲካ ኤም ቲ ኤል 5 አግኝታ ላከችላት። እዚሁ መስኮቴ ላይ በሩን ከፍተን መጋረጃውን ፈተሽን፤ የበሩን ስፖንጅ አብረን ቀየርን። ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ጥቅል ይዛ መጣች፤ የእያንዳንዱን ፎቶ ፍጥነትና አፐርቸር በደብተር ጽፋለች። አሥራ አንዱ ጨልሟል፣ ሁለቱ ተንቀጥቅጠዋል። ሃያ ሦስተኛው ላይ እናቷ በበሩ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፤ ከጀርባቸው ያለው የጓሮ ጌሾ በዚያ ሌንስ መልክ ተጠማዞ ለስልሷል። ኔጋቲቩን በማጉያ እያየሁ ሳለ እርሷ ሁለተኛውን ጥቅል አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የግራዋ ቁልፍ ስትዞር ትጠብቅ ነበር።