የሲራኩስ ዲካድራክም በ1,800 ዶላር፦ ገንዘቡን ከመላክህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት፣ ፎቶዎቹንም አጉልቼ ደጋግሜ አየኋቸው። ላላየው ሰው ባጭሩ፦ አንድ የኦንላይን ሻጭ የሲራኩስ ዲካድራክም (ሲሲሊ ያለችው የጥንት የግሪክ ከተማ ሲራኩስ ያስመታችው ትልቅ የብር ሳንቲም)፣ ያውም ታዋቂው የሳንቲም ቀራጭ ኢዋኔቶስ የፈረመበትን፣ በ1,800 ዶላር ልሽጥልህ ብሎታል፣ ከአያቴ የወረስኩት ነው ይላል፣ ክብደቱ 39.6 ግራም ነው ብሏል፣ ወንድማችን ደግሞ ፎርጂድ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ ነው የሚለው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፣ አሁን ባለው ሁኔታ እንዳትከፍል። ምክንያቱን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሃለሁ፣ ነገ ሌላ ሲመጣልህ ማንንም ሳትጠይቅ ራስህ እንድታየው ስለምፈልግ ነው።

ዋጋው መጀመሪያ። ይሄ ሳንቲም ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት አካባቢ ሲሲሊ ውስጥ የተመታ ነው፣ በአንዱ በኩል የምንጭ አማልክት የምትባለው የአሬቱሳ ራስ ዶልፊኖች ከበዋት፣ በሌላው በኩል አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ሰረገላ፣ ከላይ የድል አምላክ ኒኬ እየበረረች ለነጂው አክሊል ስትደፋለት፣ ከታች ደግሞ የጦር ትጥቅ ተደርድሮ። በጥሩ ይዞታ ያለው ጨረታ ላይ በአስር ሺዎች ዶላር ነው የሚሄደው። እና አስበው፣ ምንም የማያውቅ ወራሽ ቢሆን ኖሮ የቀራጩን ስም ጠርቶ አይለጥፍም ነበር፣ ስሙን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ዋጋውንም ያውቃል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ክብደቱም አልገባኝም። የአቴንስ መለኪያ የሚባለው አንዱ ድራክም 4.3 ግራም አካባቢ ነው፣ ቴትራድራክም ማለት አራቱ ወደ 17.2 ይመጣል፣ ዲካድራክም ማለት አስሩ ወደ 43 ግራም። በእርግጥ ያረጀ፣ ብዙ እጅ ያለፈ፣ አፈር የበላው ሳንቲም ክብደት ይቀንሳል፣ ያ ያለ ነው። ግን ያንተን ፎቶ ተመልከት፣ የአሬቱሳ ፀጉር ከጆሮዋ በላይ ያለው ክር ክሩ ሳይቀር ይታያል፣ የሸምበቆ ቅጠሉ ጫፍ እንኳን ሹል ነው። ታዲያ ከሦስት ግራም በላይ ከየት ነው የጠፋው? ፊቱ ሳይበላ፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ ክብደቱ ብቻ ይህን ያህል መቀነሱ ያጠራጥራል። ልክ የሆነ ክብደት እውነተኛነትን አያረጋግጥም፣ ጎበዝ አስመሳይ ግራሙን አስተካክሎ ነው የሚሠራው፣ የተሳሳተ ክብደት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን እዛው ይጨርሰዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት፣ መንትያ ፍለጋ ነው። ጥንታዊ ሳንቲም የሚሠራው የጋለ የብር ድቡልቡል በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መሃል አድርገው በመዶሻ እየመቱ ነው፣ እያንዳንዱ በእጅ። አንድ ዳይ (የተቀረጸው ብረት ማለት ነው) ብዙ ሳንቲም ያወጣል፣ ግን ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ ዓይኑ አንድ እንደማይሆን ሁሉ ከአንድ ዳይ የወጡ ሳንቲሞችም አንድ አይሆኑም፣ አንዱ ወደ ግራ ይንሸራተታል፣ አንዱ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ላይ ዶልፊኑ ግማሹ ይቀራል። ጭረትና ጉድጓድ ደግሞ ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ በኑሮው ያገኘው ጠባሳ ስለሆነ የዚያ የአንዱ ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ አገጯ ሥር ያለች አንዲት ጭረት በሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች ላይ እዛው ቦታ ላይ ካየሃት ወይ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው ወይ ሁለቱም ከሌላ ሦስተኛ የተቀዱ ናቸው። ኤሲሰርችና ኮይንአርካይቭስ የሚባሉ ድረ ገጾች ላይ የድሮ የጨረታ ፎቶዎች በብዛት ታገኛለህ፣ ፎረም ኤንሸንት ኮይንስ ላይ ደግሞ ፎርጂድ መሆናቸው የተነገረባቸው ለብቻ ተሰብስበዋል። ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ አወዳድር፣ ምስሉን ተወውና ዙሪያውን እይ፣ የጠርዙን ቅርጽ፣ ስንጥቁ የት እንደሆነ፣ የነጠብጣቡ ክብ የት ላይ እንደተቆረጠ። አሰልቺ ሥራ ነው ግን ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ሰው ያዳነ እሱ ነው። (በነገራችን ላይ የአክሱም ሳንቲም ለምትሰበስቡም ይሄው ነው፣ ንጉሦቹ እነ እንዱቢስና አፊላስ ወርቃቸው ላይ በግሪክኛ ያስጻፉበት ሳንቲም ተፈላጊ ስለሆነ ቅጂ አያጣውም።)

ሳንቲሙን በእጅህ ካገኘኸው ጠርዙን በአጉሊ መነጽር እይ። ሻጮች ፊትና ጀርባውን ብቻ ነው ፎቶ የሚያነሱት፣ ጉዱ ያለው ግን ጠርዙ ላይ ነው። አቅልጠው በቅርጽ ያፈሰሱት ከሆነ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ወይም መስመሩን ያጠፉበት የሞረድ ምልክት አለ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ክብ ቀዳዳ፣ ፊደሎቹም ሳሙና የመሰሉ ድቡሽቡሽ ያሉ። የተመታ ሳንቲም ላይ ግን ብሩ ከመሃል ወደ ዳር ሲፈስ የተወው ቀጫጭን መስመር ፊደሎቹ ሥር ይታያል። ሌላም አለ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮበርት ሬዲ የሚባል ሰው ለብሪቲሽ ሙዚየም በኤሌክትሪክ ዘዴ ቅጂ ይሠራ ነበር፣ ሁለት ቀጭን ልጣጭ አጋጥመው ውስጡን ሞልተው፣ ለማታለል ሳይሆን ለትምህርት፣ ጠርዙ ላይም የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ ፊደሎች፣ RR ብሎ፣ ይመታበት ነበር። ያቺን ምልክት ሞርዶ እውነተኛ ነው ብሎ መሸጥ ለሌባ ከባድ አይደለም።

ዴንሲቲም (ክብደቱ ለመጠኑ ሲካፈል) ቤትህ መለካት ትችላለህ። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ዜሮ አድርገው፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ሥሩን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፣ የሳንቲሙን ክብደት ሚዛኑ ባሳየህ ቁጥር አካፍል። ንጹህ ብር 10.49 ነው፣ ጥሩ የግሪክ ብር ብዙም አይርቀውም። ውስጡ መዳብ ሆኖ ብር የተለበጠ ከሆነ ወደ 9 ይወርድልሃል። ግን እሱም ቢሆን ብረቱን እንጂ መቼ እንደተመታ አይነግርህም።

ደግሞ ባለሙያ አይቶታል ሲሉህ ቶሎ እንዳትረጋጋ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ትልቁ የሳንቲም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ በጣም የታወቀ ሰብሳቢና ነጋዴ ከሲሲሊ በቅርብ በሕገወጥ መንገድ ተቆፍረው የወጡ ናቸው ብሎ ባመነባቸው ሳንቲሞች ምክንያት ተያዘ፣ አንዱ በሚሊዮኖች ዶላር የተገመተ የአክራጋስ (ሌላዋ የሲሲሊ ከተማ) ዲካድራክም ነበር፣ በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ፎርጂድ ሆነው ተገኙ። ዕድሜውን ሙሉ ግሪክ ሳንቲም የያዘ ሰው ነው ይሄ። ወረቀትም እንደዛው፣ በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠው የብሩተስ የወርቅ ሳንቲም (ሮማዊ ነው) ራሱ እውነተኛ ሆኖ የባለቤትነት ታሪኩ ግን የተፈበረከ ነበር፣ በ2023 ወደ ግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ ከአያቴ ነው ካለህ አያትየው ከየት ገዙት፣ ደረሰኝ ወይም የድሮ የጨረታ ካታሎግ ላይ ፎቶው አለ ወይ በለው። ፎቶው ያለበት የድሮ ካታሎግ ለኔ ከማንኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል፣ እሱንም ቢሆን ሳንቲሙ ራሱ ያ መሆኑን ጭረት በጭረት አመሳክር። ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ካመጣልህም የማሸጊያውን ቁጥር ሳንቲሙን መርምሮ ያሸገው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ፎቶውን አወዳድር፣ ማሸጊያውም ይቀዳል።

አሁን ለሻጩ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ የጠርዙን ፎቶ ዙሪያውን፣ ሚዛን ላይ ሆኖ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ እና ፎርጂድ ከሆነ ሙሉ ገንዘቤን እንደሚመልስ በጽሑፍ። ፔይፓልን በጓደኛና ቤተሰብ በኩል ላክልኝ ካለህ ተወው፣ እንደዛ ከላክህ የገዢ ጥበቃ የለህም። እውነተኛ ነጋዴ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፣ እኔ ያለሁበት ጀርመን ያሉት ነጋዴዎች እንዲያውም ሳትጠይቃቸው ነው ጠርዙን የሚያሳዩህ። የሲሲሊ ብር በጣም ወደህ ከሆነ ደግሞ ከታወቀ ጨረታ ቤት የሲራኩስ ቴትራድራክም ያረጀውን ፈልግ፣ ይቺው አሬቱሳ ናት፣ ዋጋውም በእጅጉ ይቀንሳል፣ እውነተኛ ብር በእጅህ ይዘህ ስታገላብጠው ዓይንህ ይለምዳል። የጠርዙን ፎቶ ከላከልህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።