አንድ ዶሜይን፣ ሁለት አፕሊኬሽን፦ ስለ ሪቨርስ ፕሮክሲ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ኤፒአዬ (ለሌሎች ፕሮግራሞች መረጃ የሚሰጠው አፕሊኬሽን) በፖርት 3000፣ ድረ ገጼ በፖርት 8080 ይሠራሉ። ፊት ለፊት ኤንጂንኤክስን ሪቨርስ ፕሮክሲ (ሪኩዌስቶችን ተቀብሎ ከኋላው ላሉት አፕሊኬሽኖች የሚያስተላልፍ ሰርቨር) አድርጌ በ«/ኤፒአይ/» የሚጀምረውን ሪኩዌስት ወደ 3000፣ የቀረውን ወደ 8080 እልካለሁ። ድረ ገጹ ይከፈታል፤ ኤፒአዩ ግን 404 (አልተገኘም) ይመልሳል። ፖርት 3000ን እዚያው ማሽን ላይ በቀጥታ ስጠራው ደህና ነው። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኮንፊገሬሽኑን ከመነካካትዎ በፊት የኤፒአዩን የራሱን ሎግ (የደረሱትን ሪኩዌስቶች መዝገብ) ይዩ። ሎጉ ላይ «/ኤፒአይ/ደንበኞች» የሚል መስመር ካገኙ ሪኩዌስቱ ደርሷል፤ አፕሊኬሽኑ ግን የሚያውቀው «/ደንበኞች»ን ብቻ ነው። ጥፋቱ ያለው በ«ፕሮክሲ ፓስ» (ሪኩዌስቱ የሚላክበትን አድራሻ በሚይዘው የኤንጂንኤክስ ትእዛዝ) መጨረሻ ላይ በጎደለች አንዲት ስላሽ ነው። አድራሻው በ3000 ካበቃ መንገዱ (ከዶሜይኑ በኋላ ያለው የሪኩዌስቱ ክፍል) ሳይነካ ያልፋል። «3000/» ብለው ከጻፉት ግን ከሎኬሽኑ (ትእዛዞቹ የሚሠሩበትን መንገድ ከሚወስነው የኮንፊገሬሽን ብሎክ) ጋር የገጠመው ክፍል ይቆረጥና በስላሽ ይተካል። ስለዚህ ስላሿን ይጨምሩ። ሎኬሽኑም በስላሽ ማለቁን ያረጋግጡ፤ «/ኤፒአይ» ብቻ ከሆነ አፕሊኬሽኑ ጋ የሚደርሰው «//ደንበኞች» ይሆናል።

ሎጉ ባዶ ከሆነስ? ሪኩዌስቱን ሌላ ሎኬሽን ወስዶታል። ኤንጂንኤክስ የእኩል ምልክት ያለው ሎኬሽን ሙሉ በሙሉ ከገጠመ እሱን ይወስዳል። ከሌለ ከመንገዱ መጀመሪያ ጋር የገጠመውን ረጅሙን ቅድመ ቅጥያ ይዞ ሬጀክሶቹን (መንገዱን በንድፍ የሚያዛምዱትን ሎኬሽኖች) በፋይሉ ቅደም ተከተል ይፈትሻል፤ የመጀመሪያው የገጠመ ሬጀክስ ቅድመ ቅጥያውን ያሸንፋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ለምስሎች ካሽ ተብሎ የተጻፈ ሬጀክስ ከኤፒአዩ የሚመጡትን ፎቶዎችም ጠልፎ ይወስዳል። ከ«/ኤፒአይ/» በፊት «^~» ቢያስገቡ ሬጀክሶቹ አይታዩም።

ከለወጡ በኋላ ሁልጊዜ ኮንፊገሬሽኑን በ«nginx -t» ትእዛዝ ይፈትሹና ሪሎድ ያድርጉ። ሪስታርት አያስፈልግም፤ ሪሎድ የተጀመሩ ሪኩዌስቶችን አያቋርጥም።

ጥያቄ፦ ኤችቲቲፒኤስ ካስገባሁ ወዲህ ብራውዘሩ ማለቂያ የሌለው ሪዳይሬክት ውስጥ ይገባል። የጎብኚዎች አይፒም ሁሉ 127.0.0.1 (የማሽኑ የራሱ አድራሻ) ሆኗል።

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ምስጠራው ፕሮክሲው ላይ ያበቃል፤ አፕሊኬሽኑ የሚያየው ከፕሮክሲው የመጣ ተራ ኤችቲቲፒ ነው። ስለዚህ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ» እያለ ደጋግሞ ይመልሳል። ጎብኚው በኤችቲቲፒኤስ መምጣቱን የሚነግረውን «ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ» እና የጎብኚውን አይፒ የሚይዘውን «ኤክስ ፎርዋርድድ ፎር» የሚባሉትን ሄደሮች (ከሪኩዌስቱ ጋር የሚሄዱ ተጨማሪ መረጃዎች) ይላኩለት፤ «ሆስት»ንም አብረው ያስቀምጡ፤ ካላስቀመጡት ኤንጂንኤክስ ጎብኚው በጠየቀው ዶሜይን ፋንታ ፕሮክሲ ፓስ ላይ የጻፉትን አድራሻ ይልካል። አንድ ወጥመድ አለ፦ በሎኬሽን ውስጥ አንድ እንኳ የሄደር ትእዛዝ ከጻፉ ከላይ በሰርቨር ብሎኩ ያስቀመጧቸው በሙሉ አይወረሱም። ሁሉንም እዚያው ይድገሟቸው።

አፕሊኬሽኑም እነዚህን ሄደሮች ከፕሮክሲው አይፒ ሲመጡ ብቻ እንዲያምን ያድርጉ። ፖርቱ ለውጭ ክፍት ከሆነ ማንም ሰው የፈለገውን አይፒ ጽፎ መላክ ይችላል፤ አፕሊኬሽኑ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጥ።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ 502፣ አንዳንዴ 504 ይመጣል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ 502 ፕሮክሲው ከኋላ ካለው ሰርቨር ትክክለኛ መልስ ማግኘት ሲያቅተው፣ 504 ደግሞ ጠብቆ ጊዜው ሲያልፍበት ይመጣል። በሊኑክስ ላይ የኤንጂንኤክስ የስህተት ሎግ ቁጥሩን በቅንፍ ይነግርዎታል። 111 ከሆነ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፤ ኤንጂንኤክስ በኮንቴይነር (ከማሽኑ ተነጥሎ በሚሠራ የፕሮግራም ጥቅል) ውስጥ ከሆነ 127.0.0.1 ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ መሆኑን አይርሱ። 13 ከሆነ ፈቃድ ተከልክሏል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሊኑክስ የደህንነት መቆጣጠሪያ የሆነው ኤስኢሊነክስ ነው። 110 ከሆነ ጊዜው አልፏል፤ መልስ የሚጠበቅበት ገደብ ካልቀየሩት 60 ሰከንድ ነው። ገደቡን ወደ 300 ማሳደግ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሪፖርት እንደማውጣት ያለ ረጅም ሥራ ግን ወደ ወረፋ ገብቶ ከጀርባ ቢሠራ ይሻላል።