ሽፋኑ ሲሳሳ ልብ ይንጠለጠላል

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ስለላ ልብ ወለድና ፊልም ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በሐሰት ስም ጠላት አገር ገብቶ ሰነድ የሚሰርቅ ሰላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 14 ሰው ይገድላል፣ ከሦስተኛ ፎቅ ይዘላል፣ በሞተር ሳይክል ያመልጣል። ጓደኛዬ አንብባ «አላመንኩትም፤ ደግሞም ሰለቸኝ» አለችኝ። ይህን ያህል አክሽን አስገብቼ እንዴት ይሰለቻል?

መልስ፦ ጓደኛህን አመስግናት። የነገረችህ ሁለት ነገር ቢመስልም አንድ ነው። ሰላይህ ምንም አይነካውም። ምንም የማይነካው ሰው አይታመንም። ለእሱ መስጋትም አይቻልም።

የሰላይ ትልቁ ሀብት ሽፋኑ ነው። ሐሰተኛ ስሙ፣ ሐሰተኛ ሥራው፣ ሰዎች «እሱማ ነጋዴ ነው» ብለው እንዲያልፉት የሚያደርገው ታሪክ ማለቴ ነው። 14 ሬሳ ጥሎ ሲወጣ ያ ሁሉ ብን ብሎ ጠፍቷል። በምዕራፍ ሁለት ያው ሰውዬ በዚያው ስም ሆቴል ገብቶ ከተኛ፣ የዚያ አገር ፖሊስ በሙሉ ተኝቷል ማለት ነው።

እስቲ ሽፋኑን የውሃ ፓምፕ ሻጭ አድርገው። ባቡር ውስጥ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያሉት ሽማግሌ ሥራውን ይጠይቁታል። «ፓምፕ እሸጣለሁ» ይላል። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «እሰይ! የኔው ፓምፕ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይስብም። ምን ሆኖ ይሆን?» ከጎናቸው ጋዜጣ የያዘ ሰው አለ። ገጹን ካገላበጠ ቆይቷል። ሰላይህ «አየር ገብቶበት ይሆናል» ይላል። ጥሩ መልስ ነው። «እሱንማ አስወጥቼዋለሁ» ይላሉ ሽማግሌው፤ «ሌላስ?»

ያቺን «ሌላስ» ነው የምፈልግብህ። ማንም ሽጉጥ አላወጣም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሰውዬውን ወደውታል። አንባቢው ግን ሰላዩ ስለ ፓምፕ የሚያውቀው ማለቁን ያውቃል።

እውነተኞቹ የስለላ ሰዎችም የሚጨነቁት ለዚህ ዓይነቱ ትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንግሊዞች አንድ አስከሬን የመኮንን ልብስ አልብሰው በስፔን ባሕር ዳርቻ ለቀቁት። የያዘው ቦርሳ ውስጥ የተባበሩት ኃይሎች ግሪክንና ሰርዲኒያን ሊያጠቁ ነው የሚል የሐሰት ደብዳቤ ነበረ። እውነተኛው ዒላማ ሲሲሊ ነው። ጀርመኖች አመኑ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ኪሱ ነው። የቴአትር ቲኬት ቁራጭ ከተቱበት። የእጮኛ ፎቶና የፍቅር ደብዳቤዎች ጨመሩበት። ቀለበት የገዛበትን ደረሰኝም። ካለው በላይ ገንዘብ አውጥተሃል ብሎ ባንክ የጻፈለት ደብዳቤም አለ። ያ መኮንን በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም፤ የባንክ ዕዳ ግን ነበረበት። ያንተስ ሰላይ ኪሱ ውስጥ ምን አለ? ሽጉጥ ብቻ ከሆነ ገና አልተፈጠረም።

ልብ ስለ ማንጠልጠል ካነሳን ደግሞ የኦሌግ ጎርዲየቭስኪን ማምለጥ አጥና። ለእንግሊዝ በድብቅ ይሠራ የነበረ የኬጂቢ፣ ማለትም የሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ ኮሎኔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ተጠርጥሮ ሞስኮ ተጠራ። ለመውጣት የተሰጠው ምልክት በተወሰነ ሰዓት በአንድ የመንገድ ጥግ የእንግሊዝ ሱቅ ፌስታል ይዞ መቆም ነበር። መልእክቱ መድረሱን የሚያውቀው ሌላ ሰው የእንግሊዝ ሱቅ ፌስታል ይዞ፣ ቸኮሌት እየበላ በአጠገቡ ሲያልፍ ነው። በቃ፤ ንግግር የለም። ከዚያ በእንግሊዝ ዲፕሎማቶች መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቆ ወደ ፊንላንድ ድንበር ተጓዘ። ፍተሻው ላይ ውሾች መጡ። ከዲፕሎማቶቹ የአንዱ ሚስት ሕፃን ልጇን አውጥታ ዳይፐር መቀየር ጀመረች። የውሾቹን አፍንጫ ያሳሳተው ያ ሽታ ነው። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። እኔ ግን ከስንትና ስንት የመኪና ማባረር ይልቅ እዚያ ጨለማ ውስጥ የተጋደመው ሰውዬ ትንፋሽ ያስጨንቀኛል።

ስለዚህ ምዕራፍ አንድን እንደ አዲስ ጻፈው። ሞተር ሳይክሉን አቆየው። ሽፋኑ እስኪሰነጠቅ ድረስ ግን አታስነሳው።

ጥያቄ፦ የፊልም ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሴት ሰላዬ ከአንድ ሰውዬ ጋር የምትደባደብበት ትዕይንት ስድስት ገጽ ሆነ። እውነት ለማስመሰል እያንዳንዱን ቡጢ ጽፌያለሁ። አዘጋጁ ግን «ይጎተታል» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አዘጋጁ ልክ ነው። ቡጢ መቁጠር ተዪና ሁለቱ የሚደባደቡበትን ነገር አሳዪን። ሴትየዋ የምትፈልገው ሰውዬውን መግደል ነው ወይስ በሩ ጋ መድረስ? በሩ ጋ መድረስ ከሆነ እያንዳንዱ ምት ወደ በሩ የሚያቀርባት ወይም የሚያርቃት ይሁን። ስድስቱ ገጽ ራሱ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳል።

ሁለት የተለመዱ ውሸቶችንም ብትተዪልኝ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ድምፅ ማፈኛ ተገጥሞላት ድምፅ ሳታሰማ የምትተኩስ ሽጉጥ ናት። የሽጉጥ ተኩስ 160 ዴሲቤል ገደማ ነው። ድምፅ ማፈኛ ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ቢቀንስ ነው። የቀረው ጎረቤት ለመቀስቀስ ይበቃል። ሁለተኛው ማጅራቱን ተመትቶ ግማሽ ሰዓት ተኝቶ፣ ራሱን እያሻሸ የሚነሳው ዘበኛ ነው። ያን ያህል ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ሆስፒታል ነው የሚገባው። ጀግናሽ ይህን አውቃ ከመታችው፣ ያ ራሱ ታሪክ ነው። ተመልሳ ትንፋሹን ታዳምጥ ይሆን?

ደግሞ ከድብድቡ በኋላ ያለውን ማግስት አትዝለዪው። ጣቶቿ አብጠዋል። የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። ማታ ደግሞ በሐሰተኛ ስሟ የተጋበዘችበት ራት አለ፤ አስተናጋጁ እጁን ለሰላምታ ዘርግቷል። ለእኔ ከቡጢዎቹ ሁሉ የበለጠው ትዕይንት ይህ ነው። ገጽ መቆጠብ ካለብሽ ከድብድቡ ቆርጠሽ ለዚህ ስጪው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የስለላ ልብ ወለድ ጀምሬያለሁ፤ ነገር ግን የዘመኑን ቴክኖሎጂ ብዙም አላውቅ። ያለ እሱ ማን ያነበኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ይጻፉ። ማንም የሚያውቀውን ብቻ አይርሱ፤ ስልክ ያለንበትን ይናገራል፣ ካሜራ በየቦታው አለ። አንባቢ የሚናደደው ሰላዩ ይህን ያላወቀ ሲመስል ነው።

የቀረው የሰው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተያዘው የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ ለዓመታት ለሶቪየቶች ምስጢር ሸጧል። ደመወዙ በዓመት ከ70,000 ዶላር አይበልጥም። ቤቱን ግን በ540,000 ዶላር በእጅ ገንዘብ ገዛ፤ መኪናው ጃጓር ነበር። ካጋለጡት ነገሮች አንዱ ይኸው የገንዘብ አወጣጡ ነው። ይህን ለመጻፍ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ከደመወዙ በላይ የሚኖር ባልደረባን ዓይን ዓይኑን ማየት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይበቃል። ብዙ ዓመት የመምህራን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን አያጣውም።

ኮምፒውተር አዋቂ ጓደኛ በታሪኩ ውስጥ ካለ ግን በአንድ ደቂቃ ሁሉን የሚፈታ አያድርጉት። ሁለት ቀን ይፍጅበት። የሚፈለገውን ሰው ስም ካገኘ ፎቶውን አያግኝ። ፎቶውን ሊያይ የሚሄደው ሰላዩ ራሱ ይሁን።